«እንቁላሉን ከየት ላምጣው?» ላሉን እናት ምን እንመልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። በሰፈራችን እድር ያለን ጥቂት ሴቶች በየወሩ ገንዘብ እያዋጣን አቅም ያነሳቸውን እናቶች እንረዳለን። ጉሊት የሚቸረችሩ፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ፣ ልብስ የሚያጥቡ፣ ጠላ የሚጠምቁ ናቸው። ተፈናቅለው የመጡም አሉበት። በቅርቡ የአመጋገብ ትምህርት ጀመርን። አንዲት እናት ተነስተው «ለልጁ በቀን አንድ እንቁላል ስጡት ትሉናላችሁ፤ እንቁላሉን ከየት ላምጣው?» አሉን። መልስ አጣን። ለተቸገረ ሰው ስለ ምግብ ማስተማር ጥቅም አለው? ወይስ ገንዘቡን ምግብ ገዝተን ብንሰጥበት ይሻላል? ዶሮ ገዝተን እናከፋፍል የሚሉም አሉ።

መልስ፦ እኚያ እናት ልክ ናቸው። ይህን ጥያቄ በሥነ ምግብ ሥራዬ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ አንድም ጊዜ ያለ ቦታው ሲጠየቅ አላየሁም። ገንዘብ ያጣ ቤት በትምህርት አይጠግብም። ድሃ እናት ልጇን በደንብ ያላበላችው ስለማታውቅ ነው ብሎ መነሳት በደል ነው። ብዙዎቹ ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ለዓመት በዓል ሲሞላላቸው የሚሠሩትን ማየት ይበቃል።

ግን ትምህርቱን አትተዉት።

ባንግላዴሽ ውስጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2012 ጀምሮ ለሁለት ዓመት አንድ ትልቅ ሙከራ ተካሂዶ ነበር። የገጠር ድሃ እናቶች በየወሩ ገንዘብ ይሰጣቸዋል። ከፊሎቹ ገንዘቡን ብቻ ያገኛሉ። ከፊሎቹ ደግሞ ከገንዘቡ ጋር የአመጋገብ ትምህርት ይከታተላሉ፤ ባልና አማትም እንዲሰሙ ይደረጋል። ገንዘብ ብቻ በገባበት ቤት የልጆች መቀንጨር (ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ማነሱ) አልቀነሰም። ገንዘብና ትምህርት አብረው በገቡበት ቤት ግን በ7 መቶኛ ነጥብ ገደማ ወረደ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ስለዚህ «ትምህርት ወይስ ምግብ?» ብላችሁ አትከራከሩ። ሁለቱን አብራችሁ አስኪዱ።

የእኛም ክልል ታሪክ ይህንኑ ይናገራል። በ2016 (አሁንም እንደ አውሮፓውያን) በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 በመቶው ቀንጭረው ተገኙ። በ2019 ቁጥሩ 41 በመቶ ሆነ። የአገሪቱ አማካይ 38 እና 37 በመቶ ነበር። ጤፉም በቆሎውም ከዚሁ ከእኛ ክልል እየተጫነ ወደሌላ ይሄዳል፤ ልጆቻችን ግን ከአገሪቱ ልጆች በላይ ይቀነጭራሉ። በዚያው በ2016 ጥናት፣ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት በዓይነትም በቀን በሚመገቡት ጊዜ ብዛትም በቂ ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቀሪው 93 በመቶ ሁሉ ድሃ ቤት የተወለደ አይደለም። ጎተራው የሞላ ገበሬ ልጅም፣ ደመወዝተኛ ልጅም አለበት። እንግዲህ ችግሩ ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ እንዲህ አይሆንም ነበር።

አሁን ወደ ሥራችሁ ልምጣ።

ከማስተማራችሁ በፊት ጠይቁ። ሰብስባችሁ አይደለም፤ ሰው ፊት «ራበኝ» የሚል የለም። ቤታቸው ሄዳችሁ፣ ቡና እየተጠጣ፣ ለየብቻ። ባለፉት 4 ሳምንታት ገንዘብ አጥሯችሁ የቆረሳችሁት ያነሰበት ቀን ነበር? ቁርስ ወይም ራት የታለፈበትስ? ቤት ውስጥ ጭራሽ የሚቀመስ የጠፋበት ቀንስ? ልጆቹ ሳይበሉ የተኙበት ማታስ? ለመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች «አዎ» ላለች እናት ስለ ካሮት አታውሩላት። እህል ውሰዱላት። ከትምህርቱ ግን አታስቀሯት፤ መገለሉ ከረሃቡ እኩል ያማል።

ኪራይ የሚከፈልበትን ቀንም ጠይቁ። በከተማችን ተከራይቶ የሚኖር ድሃ ገንዘቡ መጀመሪያ የሚሄደው ለአከራይ ነው። ምግብ የሚገዛው በተረፈው ነው። ከኪራይ ማግስት ያሉት ቀናት ድስቱ የሚሳሳባቸው ናቸው። እርዳታችሁ በወሩ መጀመሪያ ሳይሆን በእነዚያ ቀናት ቢደርስ፣ ያው ገንዘብ ሌላ ሥራ ይሠራል። ከዓመቱም ሐምሌና ነሐሴን ያዙ። ዝናቡ የቀን ሥራ ያስፈታል፤ እህሉ ይወደዳል፤ ወዲያው መስከረም ደብተርና የደንብ ልብስ ይዞ ይመጣል።

የምታስተምሩትን ደግሞ ቀንሱት። ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ከላይ እስከ ታች ማንበብ አያስፈልግም። ሥጋ፣ ወተት፣ ሙዝ፣ አሳ የተደረደረበት ሥዕል ለድሃ እናት የጉድለት ዝርዝር ነው። እኔ ብሆን ዛሬ በእጇ ባለው ነገር ልትሠራው የምትችለውን ብቻ እመርጣለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የሕፃኑን ገንፎ። ልጅ የሚቀነጭረው በብዛት ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ዕድሜ በየቤቱ የማየው ቀጭን አጥሚት ነው፤ በጡጦ የሚወርድ፣ ውኃው የበዛ። እናቲቱ የምታቀጥነው ልጁ እንዲውጥላት ብላ ነው፤ ዱቄት ለመቆጠብም ነው። የሕፃን ሆድ ግን ትንሽ ናት። በውኃ ከሞላች ምግቡ የሚገባበት ቦታ የለም። ልጁ ጠገበ ተብሎ ይተኛል፤ ሰውነቱ ግን ምንም አላገኘም።

መፈተኛው ማንኪያ ነው። ገንፎውን በማንኪያ አንሱና ማንኪያውን አዘንብሉት። ሳይፈስ ከቆየ ልክ ነው። እንደ ሻይ ከወረደ ቀጥኗል። እናቶቹ ራሳቸው እያነሱ ይሞክሩት፤ በቃል የተነገረውን ረስተው በእጃቸው ያዩትን አይረሱም።

«ወፍራም ከሆነ አይውጥልኝም» ማለታቸው አይቀርም። እዚህ ላይ ጠላ የሚጠምቁት እናቶች አስተማሪ ይሁኑ፤ እቤታቸው ብቅል አለ። ገንፎው ወፍራም ሆኖ ይበስልና ከእሳት ይወርዳል። ትንሽ በረድ ሲል፣ ገና ትኩስ እያለ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጣል ተደርጎበት ይማሰላል። ደቂቃዎች ሳይቆይ ድስቱ ውስጥ ይላላል። ጠብታ ውኃ ሳይጨመርበት ለመዋጥ የሚመች ይሆናል። ብቅሉ ስታርቹን ስለሚሰባብረው ነው። ከዚያ ተመልሶ እሳት ላይ ይወጣና አንዴ ፈላ ይበል፤ የገባው ብቅል ጥሬ ነውና። የገብስ ወይም የዳጉሳ ብቅል ይሁን። የማሽላ ብቅል ለሕፃን አይሆንም፤ ማሽላ ሲበቅል ቡቃያው መርዝ ያበጃል። የሻገተ ብቅልም ይጣል። ጌሾ ያልነካው መሆኑን እነሱ ያውቁታል፣ ግን ተናገሩት።

ዱቄቱ ምን ይሁን? 3 ጣሳ እህል፣ 1 ጣሳ ጥራጥሬ። እህሉ ያለው ይሁን፤ በቆሎም፣ ስንዴም፣ ገብስም፣ ዳጉሳም። ዳጉሳን ስሙን ለጠላና ለድሃ እንጀራ የሰጠነው ሰዎች ነን። በካልሲየም ግን ከጤፍም ይበልጣል፤ ለሚያድግ አጥንት ከእሱ የተሻለ እህል ገበያችን ላይ አላውቅም። ጥራጥሬው ሽንብራ፣ አተር ወይም ባቄላ ነው፤ ታምሶ፣ ተፈትጎ፣ ከእህሉ ጋር አንድ ላይ የሚፈጭ። ገንፎው ሲወርድ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይግባበት። ከትልልቆቹ ወጥ የተረፈ ጎመን ወይም ዱባ ተደቁሶ ይቀላቀልበት። አዮዲን ያለው ጨው መጨረሻ ላይ ይነስነስ፤ በእሳት ሲቆይ አዮዲኑ ይተናል። ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ልጅ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከዚያ በላይ እስከ 2 ዓመት 3 ወይም 4 ጊዜ ይመገብ። ጡቱ ሳይቋረጥ ነው ታዲያ።

ከ6 ወር በፊት ግን ጡት ብቻ። ውኃም፣ አብሽም፣ ቅቤም አይቅመስ። ይህ ምንም ወጪ የለውም ይባላል። ለቀን ሠራተኛ እናት ግን ወጪ አለው፤ ቤት የዋለችበት ቀን ደመወዝ የለም። ስለዚህ «ጡት አጥቡ» ብላችሁ አትለፉ። ጠዋት ወተቷን አልባ በንጹሕ፣ ክዳን ባለው ኩባያ ማስቀመጥ እንደምትችል አሳዩ። እንደ ባሕር ዳር ባለ ሙቀት ከ4 ሰዓት በላይ ግን አይቆይ። በጡጦ ሳይሆን በስኒ ይሰጠው፤ ጡጦ በደንብ ካልተቀቀለ የተቅማጥ ምንጭ ነው።

ቀጥሎ ሽሮ። ድሃ ቤት የሚበላው በአብዛኛው ሽሮ ነው፤ ያ ደግሞ ጥሩ ዜና ነው። እንጀራና ሽሮ አብረው ሲበሉ የአንዱን የፕሮቲን ጉድለት አንዱ ይሞላዋል። ችግሩ ሽሮው ቀጥኖ ሲቀርብና ምን እንደተፈጨበት ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ጓያን በግልጽ ንገሯቸው። ከፎገራና ከደንቢያ በኩል ብዙ ጓያ ይመጣል፤ ርካሽ ነው፤ በሽሮ ዱቄት መልክ ሲሸጥ ለዓይን አይለይም። በጥቂቱና አልፎ አልፎ ከሌላው ጋር የበላ ሰው አይጎዳም። ሌላ እህል ጠፍቶ ዋና ምግብ ሆኖ ከወር ሁለት ወር በላይ ሲዘወተር ግን እግር ያሽመደምዳል። ጉልበት ይገትራል፤ አረማመድ ይቆላለፋል፤ አይመለስም፤ መድኃኒትም የለውም። ጎልማሳ ወጣቶችን ደግሞ በተለይ ይይዛል። የግድ የሚበላ ከሆነ አድሮ ይዘፍዘፍ፣ ውኃው ይደፋ፣ ይቀቀልና ያም ውኃ ይደፋ። መርዙ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ከጤፍ ወይም ከበቆሎ ጋር ሲቀላቀል አደጋው ይቀልላል። ለሕፃን ገንፎ ግን በምንም መልኩ አይግባ።

ገንዘባችሁን የማውለው እዚህ ላይ ነው። ሽሮ በስኒ፣ ዘይት በብርጭቆ፣ በርበሬ በማንኪያ የሚገዛ ሰው ከሁሉም ሰው በላይ ውድ ይገዛል። ድሃው ርካሹን ማግኘት የሚችለው በብዛት ሲገዛ ነው፤ በብዛት ለመግዛት ደግሞ ገንዘብ የለውም። እድሩ ይህን ይሰብርለት። አዲሱ እህል ገበያ ሲገባ፣ በጥርና በየካቲት፣ ሽንብራና ባቄላ በኩንታል ግዙ። አብራችሁ ልቀሙት፣ አብራችሁ ቁሉት፣ አንድ ላይ አስፈጩት። ጓያ እንዳልገባበት ታውቃላችሁ። ለእናቶቹ በገዛችሁበት ዋጋ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያሉ እንዲከፍሉ ስጧቸው። ጭራሽ ለሌላት በነፃ። ልመና ስላልሆነ ማንም አያፍርም፤ ገንዘቡም ተመልሶ ይዞራል።

ሁለተኛው የገንዘብ ቦታ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። የዓመት መዋጮ አጥሮበት የቀረ ቤት ካለ ክፈሉለት። ለምግብ ያላችሁት ገንዘብ ለመድን ሲሄድ ሊከነክናችሁ ይችላል። ነገር ግን የድሃ ቤት የምግብ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በአንድ ልጅ ሕመም ነው። ካርድ፣ ምርመራ፣ መድኃኒት፣ ባጃጅ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ድስት አይጣድም። ተቅማጥ ያለበት ልጅ ደግሞ የበላው ሁሉ አይቀርለትም፤ እጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና ከእንቁላል እኩል ነው የምለው ለዚህ ነው።

ዶሮውን በተመለከተ ተጠንቀቁ። ግቢ ላለው ቤት ጥሩ ነው። የምትረዷቸው ግን አብዛኞቹ አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። በአገራችን በብዙ ሺህ ቤተሰቦች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ዶሮ ያለበት ቤት ልጆች ቁመታቸው የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ዶሮው ማታ ሰው በሚተኛበት ክፍል ሲያድር ግን ነገሩ ተገልብጦ ተገኝቷል። የሚድህ ልጅ መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ያስገባል፤ ኩሱንም ጭምር። ማደሪያ ከሌለው ዶሮ አትስጡ። በሰፈራችሁ ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ቤት ከተገኘ በጋራ አርብታችሁ እንቁላሉን ለሕፃናቱ ማድረስ ይሻላል።

አሁን ወደ እኚያ እናት እንቁላል። «በቀን አንድ» የሚለውን ተዉት። ይልቅ እንቁላል ሲገኝ ማን ይበላዋል ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ቤት አባወራው ነው፤ አለዚያ እንግዳ። ወይም ተሽጦ ጨው ይገዛበታል። ምግብ የሚወጣው በዕድሜና በክብር ተራ ነው፤ ሕፃኑና ነፍሰ ጡሯ መጨረሻ ይደርሳቸዋል። በሳምንት ሁለት እንቁላል የሚገኝበት ቤት ሁለቱንም ለትንሹ ልጅ ቢሰጥ ልዩነት አለው። ይህን ግን ለእናቶች ብቻ ብትነግሩ ፋይዳ የለውም። ሚስት በባሏ ፊት እንቁላሉን አንስታ ለልጁ ብትሰጥ ልትኮነን ትችላለች። የወንዶቹን የእድር ስብሰባ ተጠቀሙበት። አስር ደቂቃ ይበቃል፤ ዳኛው ይናገሩት። አባት ልጁን የሚወድ ሰው ነው፤ ነገሩ ከገባው ራሱ ከሳህኑ ያነሳለታል።

ሻይ። ይህን ሰው አቅልሎ ያየዋል። የከተማ ድሃ ልጅ ቁርሱ ሻይ በዳቦ ነው፤ ዳቦ ሲወደድ ሻይ ብቻ። ሻይ ምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ይይዘዋል። በደም ማነስ የገረጣ ልጅ ጠዋት ጠዋት ሻይ መጠጣቱ ነገሩን ያብሰዋል። የስኳሩን ገንዘብ አስቡት። በዚያ ገንዘብ ለአንድ ጊዜ ገንፎ የሚሆን ዱቄት ይወጣል፤ ካልሆነ ቆሎ፣ ንፍሮ። ለትልልቆቹ ቡናውን አትንኩባቸው። የጎረቤት ቡና ድሃ ሴት ከሰው ጋር የምትቀመጥበት ሰዓት ነው፤ ብድር የምታገኘውም፣ ሥራ የምትሰማውም እዚያ ነው። ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ራቅ ይበል፣ ያ ይበቃል። በሻይ ፋንታ ጎመን ወይም ምስር ላይ ሎሚ ጠብ ይደረግ፤ ሎሚው ብረቱን እንዲወሰድ ያግዘዋል።

ጾምን ሳታነሱ ትምህርታችሁ አያልቅም። ሕፃን እንደማይጾም ሁሉም ያውቃል። እናቲቱ ግን ድስቷና ማንኪያዋ ቅባት እንዳይነካባት ስለምትሰጋ በሁዳዴው ሙሉ ለልጁ እንቁላልም ወተትም አትሠራም። ሃምሳ አምስት ቀን ለአንድ ዓመት ልጅ ብዙ ነው። መፍትሔው ለልጁ ብቻ የምትሆን ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ነው። ከገንዘባችሁ ለእያንዳንዷ እናት ይህን ብትገዙላት የምደሰት ሰው ነኝ። የእርጉዝና የአጥቢ እናት ጾም ደግሞ የንስሐ አባት ጉዳይ ነው። ቄሱን ጋብዟቸውና እሳቸው ይናገሩ፤ ከእኔና ከእናንተ ቃል የእሳቸው ይሰማል። ሙስሊም እናቶች ካሉ ለረመዳንም እንዲሁ ኢማሙን ጠይቁ።

ጣና ሐይቅ አጠገብ ስለሆንን አሳ በየቤቱ የሚገባ የሚመስለው ብዙ ነው። አይገባም። ቆሮሶ የሚባለው አሳ ጥሩ ጥሩ ሥጋው ለሆቴልና ለአዲስ አበባ ነው። ሐይቁም እንደ ድሮው አይደለም፤ የተከለከለ መረብ በዝቶበታል፣ እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረምም ከ2011 (እንደ አውሮፓውያን) ወዲህ ዳሩን ወርሮታል። ሥጋው ከተነሳለት አሳ የሚቀረውን ጭንቅላትና አጥንት ግን ከአሳ አራጆቹ ጋር ብትነጋገሩበት ርካሽ ነው። አጥንቱ ላይ የሚቀረው ሥጋ ጥቂት አይደለም። በደንብ ታጥቦ፣ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ለረጅም ጊዜ ይቀቀል። ለልጅ ሲሆን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጠለልና ሾርባው ገንፎው ይሠራበት፤ ሥጋው በጣት እየተዳሰሰ ተለቅሞ ይደቆስ። አንዲት አጥንት ብትገባ ጉሮሮ ትይዛለች፤ ስለዚህ በጥድፊያ የሚሠራ አይደለም። የአሳው ስንጥብ ቀይ ካልሆነ አትግዙት።

ማንጎ በወቅቱ ሲረክስ ሳታልፉት ስጧቸው። ለዓይንና በሽታ ለመከላከል የሚያስፈልገው ቫይታሚን ኤ አለው፤ ገበያ ላይ እየበሰበሰ የሚጣለውን አይቼ አዝናለሁ። ብስኩትና የታሸገ ጣፋጭ ጭማቂ ግን ለገንዘባቸው አይመጥንም። ቦታ ያለው ጎመን በጆንያ አፈር ይትከል፤ የቦይ ውኃ ግን አያጠጣው።

ስታስተምሩ አብስላችሁ አስተምሩ። ሰሌዳ አያስፈልግም። ዘንቢል ይዛችሁ እነሱ ከሚገዙበት ጉሊት፣ እነሱ በሚገዙበት መጠን ግዙ። ከእነሱው መካከል እንደ ሌሎቹ ድሃ ሆና ልጇ የፋፋላትን ፈልጉ፤ ትኖራለች። ምን እንደምታደርግ እሷ ታሳይ። የቀን ሥራቸውን የሚያስቀር ሰዓት አትምረጡ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይሻላል። የበሰለውን ልጆቹ እዚያው ይብሉት።

በመጀመሪያው ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን የክንድ መለኪያ ይዛ እንድትመጣ ጥሯት። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉትን ሁሉ ትለካ። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ ክትትል ያስፈልገዋል። ከ11.5 በታች የሆነ፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ አብጠው በጣት ሲጫኑ የሚሰረጉዱ ልጅ ክፉኛ ተጎድቷል። ያን ልጅ ገንፎ አያድነውም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ሕክምናው በነፃ ነው። ፕላምፒነት (ክፉኛ ለተጎዱ ልጆች የሚሰጠው የታሸገ የለውዝ ምግብ) ከተሰጠው እሱ ብቻ ይብላ። እናቲቱ ለወንድሞቹ አካፍላው ብታገኟት አትቆጧት። ሌሎቹም ርቧቸው ነው፤ ለእነሱ የሚሆን እህል ይዛችሁ ተመለሱ።